በዓይን የተጠባበቅንበት የአሰብ ክረምት

ባለፈው ሳምንት ለልጄ መኪና ጎማ ልናይ ጎማ ተራ ገብተን፣ እሱ ከነጋዴው ጋር በዋጋ ሲከራከር እኔ ጥላ ፈልጌ አንድ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። ከአጠገቤ ፀሐይ ላይ የተከመረ አሮጌ ካላማዳሪ፣ የጎማ የውስጥ ላስቲክ፣ ነበረና ያ የጋለ ጎማ ሽታ፣ ትንሽ የሚያንቅ፣ ትንሽ ደግሞ እንደገና አሽትቱኝ የሚል፣ ድንገት አፍንጫዬን ሞላው። የሰዉ ጫጫታ፣ የተሸካሚው «ዞር በሉ»፣ ሁሉም ጠፋብኝና አሰብ ባሕር ዳር፣ የተነፋ የካሚዮን ካላማዳሪ ታቅፌ ጓደኛዬን በጎን ዓይኔ ሰርቄ የማይ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሆንኩ። ልጄ ጨርሶ ሲመጣ «እማ፣ አመመሽ እንዴ?» አለኝ። ደህና ነኝ አልኩት፤ የአርባ ዓመት ነገር ጎማ ተራ ቆሜ እንዴት አድርጌ ላስረዳው።

ቤታችን መርካቶ፣ ሰባተኛ የሚባለው ሰፈር ነበር። አባቴ በወጣትነቱ ከወሎ መጥቶ በአንድ የስፌት መኪና የተቋቋመ ሰው ነው፤ በዚያ በደርግ ዘመን ነጋዴ ሁሉ በክፉ ዓይን ሲታይ እሱ «እኔ ሠራተኛ ነኝ፣ እግሬ ይመስክር» እያለ የመኪናውን መርገጫ ያሳይ ነበር። ጓደኛዬ መስታወት ደግሞ የበርበሬ በረንዳው ነጋዴ የጋሽ አሰፋ ልጅ ናት። ከልብሷ በርበሬ ስለማይጠፋ ክፍል ውስጥ ከአጠገቧ የተቀመጠ ሁሉ ሲያስነጥስ ይውላል፤ እኔ ብቻ ለምጄዋለሁ። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ወንበር ላይ ነው ያደግነው፣ የሰፈራችን ከፍተኛ ኪነት ቡድን ውስጥም አብረን ነው የገባነው። የዚያ ዓመት ቴአትራችን ስኳር ስለሚደብቅ አሻጥረኛ ነጋዴ ነበር፤ እኛ ተዋናዮቹ ደግሞ፣ የአላህ ሥራ፣ አብዛኞቻችን የነጋዴ ልጆች ነን። ነጋዴውን ስዩም ነበር የሚጫወተው፤ አባቱ ልምምድ ሊያዩ መጥተው፣ በአድኃሪነቱ ምንም ሳይከፋቸው በሚዛን አያያዙ ብቻ ተናደው መድረክ ላይ ወጥተው አሳዩት። እኔ የነጋዴው ሚስት ነበርኩ፤ መስታወት ጓዳችን ገብታ ስኳሩን አግኝታ የምታጋልጠን የላብ አደር ልጅ ነበረች።

ኃላፊያችን ጓድ እንዳለ ይባላል። ያኔ አንቱ ነበር የምለው፣ ዛሬ ግን ምላሴ እምቢ ይላል። ቀጭን፣ ድምፀ ለስላሳ፣ ሲቆጣ እንኳን የሚያባብል የሚመስል ሰው ነው፤ ከመጋረጃው ፊት ወጥቶ መፈክር ሲያሰማ ግን ያ ሁሉ ልስላሴ የት እንደሚገባ እንጃ። ለወደብ ሠራተኞችና ለወታደሮች ልናሳይ አሰብ ልንሄድ ነው ሲባል እናቴ አለቀሰች፤ እኔና መስታወት ባሕር አይተን ስለማናውቅ እንቅልፍ አጣን። ጎማ ተራ ከሚሠራ ጎረቤታችን ሁለት ካላማዳሪ ለምነን፣ ዋና ስለማንችል መንሳፈፊያ ይሆነናል ብለን ከሻንጣችን ጋር ጠቀለልን።

መንገድ ላይ፣ ሚሌ ከተማ ለምሳ ስንቆም ጓድ እንዳለ ወደ አውቶቡሱ ኋላ ጠራኝ። በዚያች ለስላሳ ድምፁ «ዘሐራ፣ ከመስታወት ላይ ዓይንሽን እንዳትነቅዪ፤ እሷ ከጠፋች የምጠይቀው አንቺን ነው፤ አንቺን ካጣሁ ደግሞ አባትሽ አሉ» አለኝ። የመስታወት ወንድም ዓመት ሆኖታል ከጠፋ፤ እናቷ አገር ቤት ነው ይበሉ እንጂ ጅቡቲ መሻገሩን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ስለዚህ ነገሩ አይሆንም የሚባል አልነበረም። ወደ ቦታዬ ስመለስ መስታወት ብርቱካን ልጣ እየጠበቀችኝ ነበር፣ ምን እንዳለኝ ስትጠይቀኝ ስለ ልብሳችን ነው አልኳት። ያቺን ልጅ ስዋሻት የመጀመሪያዬ ነበር።

የአሰብ ሙቀት ከአውቶቡስ ስንወርድ በጥፊ ተቀበለን። መርካቶ ያን ጊዜ ጭቃ በጭቃ ነው፣ እዚያ ግን ሰማዩ ነጭ፣ አሸዋው ነጭ፣ ባሕሩ ብቻ እንዴት እንደሚያምር፣ ለማየት እንኳን ያሳሳል። ያረፍነው ለክረምት በተዘጋ ትምህርት ቤት ነው፤ ጠዋትና ወደ ማታ ባሕር ዳር እንወርዳለን፣ በመሐል የወደቡ አዳራሽ ውስጥ እንለማመዳለን። ሌላው ሰው ዓሣና ጀልባ ሲያይ እኔ መስታወትን አያለሁ። ጎህ ሳይቀድ ትነሳለች፤ ለምን? ትልቅ የውሃ ጀሪካን ገዛች፤ ለምን? ጀልባዎች ወደታሰሩበት በኩል ሄዳ ትቀመጣለች፣ አንዳንዴም ዘወር ብላ አየችኝ አላየችኝ ብላ ታጣራለች። አንድ ቀን ደግሞ ከመሬት ተነስታ «አጎትሽ ጅዳ ነው አይደል ያለው?» አለችኝ፤ መንገዱን ልትጠይቀኝ ነው አልኩ። የባሰው ደግሞ ከእኔ አለመለየቷ ነው፤ እጄን ይዛ ሽንት ቤት ድረስ ትከተለኛለች፣ እኔም ልታዘናጋኝ ነው እላለሁ።

መድረክ ላይ እንኳን አላረፍኩም። በመጀመሪያው ትርዒት መስታወት ስኳሩን አውጥታ ጣቷን ወደ እኔ ስትቀስር፣ ያ ጣት ከቴአትሩ የወጣ መሰለኝና የምናገረው ሁሉ ጠፍቶኝ ተንቀጠቀጥኩ። አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበ። እንዲህ ያለች ተዋናይ አይተን አናውቅም አሉኝ።

አንድ ጠዋት ከአንድ ሽማግሌ ጀልባ ጠባቂ ጋር አንገት ለአንገት ገጥማ ስታወራ አየኋት። ማታ ጓድ እንዳለ ምን አየሽ ሲለኝ ምንም አልኩት፤ ብናገር እሷ ናት የምትታሰረው፣ ባልናገርና ብትሄድ ደግሞ አባቴ፤ ይህንኑ ሳወጣ ሳወርድ አነጋሁ። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ጀልባው ጋ ሄድኩና ያቺ ልጅ ምን እንዳለችው ጠየቅሁት። ሰውየው ዓረብኛና አማርኛ እያደባለቀ፣ ራሱን እየነቀነቀ፣ ወደ ኋላዬ ጠቆመ። መስታወት ተከትላኝ መጥታ ቆማለች።

«እናንተ ልጆች ምን ነካችሁ?» አለን። «ትናንት እሷ መጥታ አንቺ ጀልባ ጠይቀሽኝ እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ዛሬ አንቺ ደግሞ ስለ እሷ ትጠይቂኛለሽ። የምትሄደው የትኛዋ ናት?»

ተያየን። መጀመሪያ እሷ አፏን ያዘች፣ ከዚያ እኔ፣ ከዚያ አሸዋው ላይ ተንከባለን ሆዳችንን እስኪያመን ሳቅን። ለካ ያው ሰው ያንኑ ቃል ለእሷም ብሏታል፤ የዘሐራ አጎት ጅዳ ነው፣ ዘሐራ ከጠፋች አንቺ፣ አንቺ ከጠፋሽ ጋሽ አሰፋ። ጀልባዎቹ ጋ የምትቀመጠው እኔ ወደዚያ ስመለከት አይታ ነው፤ እኔ ወደዚያ የማየው እሷ ስለምትቀመጥ ነው። ጀሪካኑ እናቷ ውሃ ቋጥረሽ ያዢ ስላሏት ነው፤ ጎህ ሳይቀድ የምትነሳው እኔ ቀድሜያት እንዳልነሳ ነው። ቀና ብለን ስናይ ቡድኑ ሁሉ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ዳር ዳሩን ይዞ ተቀምጧል፤ እርስ በርስ ይጠባበቃል እንጂ ወደ ባሕሩ የሚያይ አንድም የለም።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት፣ ወላሂ፣ በዕድሜዬ እንደነሱ ያለ አልመጣልኝም። ከነቀሚሳችን ካላማዳሪው ላይ ተንጋለን ማዕበሉ ሲያነሳን ሲያወርደን እንውላለን፣ ጨዉ ፊታችን ላይ ደርቆ ስንስቅ ይሰነጠቃል። ማታ ማታ ሪፖርታችንን አብረን እናበጃለን፦ እኔ መስታወት ባሕር ስለምትፈራ ከጉልበቷ በላይ አትገባም እላለሁ፣ እሷ ዘሐራ እናቷን ናፍቃ ስታለቅስ ነው የምታድረው ትላለች። መድረክ ላይ ያቺን ጣቷን ቀስራብኝ በአንድ ዓይኗ ስትጠቅሰኝ ሳቄን ለመደበቅ በነጠላዬ ፊቴን እሸፍናለሁ፤ ተመልካቹ የነጋዴው ሚስት አፍራ አለቀሰች ብሎ ያጨበጭባል።

በመጨረሻው ቀን ጓድ እንዳለ ዛሬ ልምምድ የለም፣ ተዝናኑ፣ እኔ መድረኩን ልይ ብሎ ሄደ። ማታ አዳራሹ ሞልቶ መፈክር የሚያሰማ ጠፋ። ብንጠብቅ ብንጠብቅ የለም፤ በመጨረሻ ስዩም በነጋዴ ልብሱ፣ ሚዛኑን እንደያዘ ወጥቶ «አሻጥረኛ ነጋዴዎች ይውደሙ» ሲል ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። ሲነጋ ነው አንድ ጀልባ መጥፋቱ የተሰማው። እኛን እርስ በርስ አፋጥጦ አስቀምጦን እሱ ቀይ ባሕርን ተሻግሯል። የመጡት የደኅንነት ሰዎች ደርድረውን እሱን እንዲጠብቅ የታዘዘው ማነው ብለው ሲጠይቁ አንድ የሚመልስ አልተገኘም።

አዲስ አበባ ስንገባ ቤት አልሄድንም፤ ቀጥታ እስር ቤት ነው የወሰዱን። ለየብቻ አስገብተው መረመሩን፤ እኔን ደጋግመው የጠየቁኝ መስታወት ከጀልባ ጠባቂው ጋር ምን ታወራ እንደነበር ነው። ባሕር የምትፈራ ልጅ ጀልባ ምን ያደርግላታል አልኳቸው፤ ከዚያች ቃል አልወጣሁም፣ በጥፊም አልወጣሁም። በሦስተኛው ቀን ሂጂ ተባልኩ። አባቴ ሰው ለምኖ ይሁን፣ ልጅነቴን አይተው ይሁን አላውቅም፤ አባቴም ሳይነግረኝ ሞተ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ወጡ። መስታወት ግን ትምህርት ቤት ተከፍቶ፣ መስቀልም አልፎ ነው የወጣችው።

የወጣች ቀን ቤታቸው ሰው ሞልቶ ነበር። ፀጉሯ ተላጭቶ አንገቷ ቀጥኗል። እያለቀስኩ አቀፍኳት፣ እሷም አቀፈችኝ፤ ጆሮዬ ሥር ግን ቀስ ብላ «አንቺ ቶሎ ወጣሽ አሉ» አለችኝ። መልስ ልሰጣት አፌን ስከፍት አክስቷ መጥተው ወሰዷት። ነገ እነግራታለሁ አልኩ። በነጋታው ሌላ ወሬ ተወራ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ፤ ያ ነገር በመሐላችን ተቀምጦ ቀረ። እያረፈብኝ የሚጠይቅ ዓይኗን እየሸሸሁ፣ ሳልሸሽ ደግሞ እሷ እየሸሸች፣ ትዳር ያዝን፣ ወለድን፣ አባቶቻችንን ቀበርን። ሰፈራችን ፈርሶ እሷ ኮንዶሚኒየም ገባች፤ ስዩም የት እንዳለ የሚያውቅ የለም፤ አሰብም የሌላ አገር ሆነች። እኔና እሷ ግን በየለቅሶው በየሰርጉ እንሳሳማለን፣ ልጆች ደህና ናቸው ወይ እንባባላለን።

ዘንድሮ ጥር ላይ ልጇን ዳረች። ለእኔ ብላ የእስላም ምግብ ለብቻ አሠርታ፣ ራሷ ይዛልኝ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ሙዚቃው ሲረግብ ሳታየኝ ጠየቀችኝ።

«ዘሐራ፣ ያኔ ስለ እኔ ምን ብለሽ ነው የወጣሽው?»

«ምንም አላልኩም፣ ወላሂ።»

ነጠላዋን አስተካከለችና «እሺ» ብላ እንግዶቿን ልትቀበል ተነሳች። ያን እሺ አውቀዋለሁ፤ መርካቶ ውስጥ ነጋዴው ወላሂ ብሎ በዋጋው ሲምልልን የምንለው እሺ ነው። አርባ ዓመት ይህን ጥያቄ እንድትጠይቀኝ ስጠብቅ ኖሬ፣ እውነቱን ተናግሬ፣ አላመነችኝም። ቅር ብሎኝ ምግቡን እየነካካሁ ሳለሁ ነው እኔም እሷን አንድ ቀን እንኳን አለመጠየቄ የታሰበኝ፤ እሷስ ያን ሁሉ ጊዜ እዚያ ስትቀር፣ ስለ እኔ ምን ብላ ነው እኔ የወጣሁት?