ምስኪን ያልኳት ሴት

የበደለችኝ የባለቤቴ ታላቅ እህት ናት። የበደለችኝም የመጨረሻዋ ልጄ ሃይስኩል በጨረሰችበት ዓመት፣ በግንቦት ወር ነው። እናቴ አዲስ አበባ ሞታ ሳለ ከሁለት ሳምንት በላይ ደበቀችኝ። ሌሎችም ያውቁ ነበር፤ ባለቤቴም ያውቅ ነበር። አይነገራት ብላ የወሰነችው ግን እሷ ናት። ያን ጊዜ እትዬ እያልኩ በአንቱታ እጠራት ነበር። እዚህ ላይ ግን እንደዚያ አልጠራትም።

ነገሩ የመጣው በልጄ ሲኒየር ፕሮጀክት ነው። እሷ በተማረችበት ትምህርት ቤት ይህን ያልጨረሰ አይመረቅም። ተማሪው አንድ ርዕስ ይመርጣል፤ አብሮት የማይኖር አንድ ትልቅ ሰው ሜንተር ሆኖ ይከታተለዋል፤ በመጨረሻ አስተማሪዎች ፊት ቆሞ ያስረዳል፣ ይጠየቃል። ማርኩ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን፣ ኮሌጅ ቢቀበለውም፣ ይህን ከወደቀ ጋውን አይለብስም። አብራኝ የምትሠራ አንዲት እናት አለች፤ ወንድ ልጇ እዚያ ላይ ወድቆባታል። ያጠናውን ሁሉ ተናግሮ ጨርሶ አንድ ጥያቄ ሲጠይቁት አፉ ተያዘ። እናቱ ለድግሱ አዳራሽ ተከራይታ ነበር። የዚያን ልጅ ነገር ከጭንቅላቴ ማውጣት አልቻልኩም።

ልጄ የመረጠችው ርዕስ መርዶ ነው። እዚህ ያለን ሰዎች ከአገር ቤት የሞት ወሬ ሲመጣ ለሐዘንተኛው እንዴት እንደምንነግር። ሐሳቡን የሰጠቻት አክስቷ ናት። ሲያትልና ዙሪያዋ ላይ ሰው ሲሞትበት መጀመሪያ የሚደወለው ለእሷ ነው። ማን ማን አብሮ እንደሚሄድ፣ ማን ቀድሞ አፍ እንደሚከፍት፣ ከማን ቤት ተሰባስቦ እንደሚኬድ የምትወስነው እሷ ናት። ሬድመንድ ባለው ቢሮዋ ውስጥ ስብሰባ እንደምትመራው ለቅሶውንም ትመራዋለች። ሜንተርሽ እኔ ነኝ አለቻት። እኔን የጠየቀኝ ሰው የለም።

ደስ አላለኝም። የሰው ልጅ ስለ ሳልሞን ዓሣ፣ ስለ ብስክሌት መንገድ ይሠራል፤ የእኔ ልጅ ስለ ሞት። ለባለቤቴ ሟርት ነው አልኩት። እሱ እህቱ በተናገረችበት ነገር ላይ አስተያየት ኖሮት አያውቅም።

«እትዬ ካለች ኦኬ ነው» አለኝ።

ግንቦት ሲገባ ልጄ ተለወጠችብኝ። ከትምህርት ቤት ስትመለስ በሯን ትዘጋለች፤ ያቀረብኩላትን ምግብ ነካክታ ትተወዋለች። ፊቴን አታይም። እኔ ሲያትል አጠገብ ዴ ሞይን ካለው ቤታችን ተነስቼ ኤርፖርቱ አጠገብ ያለ ሆቴል እገባለሁ፤ ሥራዬ የአልጋ ልብስ ማጠብና ማጠፍ ነው። በእረፍቴ ሰዓት እናቴ ጋ የመደወል ልማድ አለኝ። አንድ ቀን እህቴ አንስታ ተኝታለች አለችኝ። ሌላ ጊዜ ለቼክአፕ ሐኪም ቤት ሄዳለች፣ ደህና ናት አለችኝ። ከዚያ ስልኩን የሚያነሳው ጠፋ። ባለቤቴ ኔትወርክ ነው አለ። አመንኩት። ሌላ ጊዜ ቢሆን አላምነውም ነበር፤ ያን ሰሞን ግን ሐሳቤ ሁሉ ልጄ ላይ ነበር። ትወድቅብኛለች ብዬ እፈራ ነበር።

ሳሎን ውስጥ ሶፋው ላይ ተቀምጬ አስተማሪዎቹን እሆንላት ነበር። ትጀምርና መሀል ላይ ቀጥ ትላለች። ረሳችው እላለሁ። አንድ ቀን፣ በእንግሊዝኛ ስትናገር ቆይታ፣ ተረዳ ማለት ምንድን ነው ብላ በአማርኛ ጠየቀችኝ። ነገር ገባው ማለት ነው፣ የሰው ሞት ተነገረው ማለትም ነው አልኳት። ሶ፣ ያልተረዳ ሰው ምን ያደርጋል አለች። ምን ያደርጋል፣ እንደ ልቡ ይበላል ይስቃል አልኳት። ይህን ስላት ዐይኗ ሞላ። እኔ የመሰለኝ ፍርሃት ነው። ከወረቀት ላይ አንብቢ፣ ነውር የለውም ስላት፣ «ማሚ ፕሊስ፣ ጀስት ስቶፕ» ብላኝ ክፍሏ ገባች። ተከትዬ ገብቼ ብትወድቂም ልጄ ነሽ አልኳት። ዋሽቻለሁ። ብትወድቅ ምን እንደምሆን አላውቅም ነበር።

አስተማሪዎቹ ፊት የምትቆምበት ቀን ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነበር። ፈረቃ ተቀያይሬ ሄድኩ። የባለቤቴ እህት ቀደም ብላ ኮል አድርጋ፣ ፈካ ያለ ነገር ልበሺ፣ ልጅቷ ደስ ይበላት ብላኝ ስለነበር ቢጫ ቀሚሴን ለበስኩ። ቦታው የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ነው። ሦስት አስተማሪዎች ከፊት ተቀምጠዋል። ባለቤቴ በግራዬ፣ እህቱ በቀኜ ሆኑ፤ ያን ጊዜ የክብር መስሎኝ ነበር።

ልጄ ጥሩ ተናገረች። መርዶ በስልክ እንደማይነገር፣ ማለዳ ሰው ሳይበተን እንደሚሄዱ፣ ሐዘንተኛው ብቻውን ሆኖ እንዳይሰማ ተሰብስበው እንደሚገቡ አስረዳች። ሰውየው ከታመመ፣ መንገድ ላይ ከሆነ፣ ወይ የያዘው ትልቅ ነገር ካለ እስኪያልፍለት ይቆያል አለች። ስትጨርስ ተነፈስኩ። ከዚያ አንዷ አስተማሪ ጠየቀቻት። ይህ ነገር እዚህ ከተማ ውስጥ አሁንም ይደረጋል ወይ፣ መዋሸትስ አይደለም ወይ አለቻት።

ልጄ ዝም አለች። ያ የባልደረባዬ ልጅ ትዝ አለኝ። ጌታ ሆይ አፏን ክፈትላት እያልኩ ቀሚሴን ጨምድጄ ያዝኩ። እሷ ወደ እኛ ረድፍ አየች፤ አክስቷን ነበር የምታየው። ከዚያ መለሰች። አዎ ይደረጋል አለች። አሁን በዚህ ሰዓት አንዲት ሴት አለች፣ እናቷ ሞታለች፣ ዘመዱ ሁሉ ያውቃል፣ እሷ ብቻ አልሰማችም። ልጇ የምትጨርሰው ነገር ስላላት ያን እየጠበቁ ነው። ትክክል ነው ወይ ለሚለው አላውቅም፣ እኔ ብሆን ግን እንዲነገረኝ እፈልግ ነበር አለች።

አስተማሪዋ ራሷን ነቀነቀች። እኔ እንግሊዝኛው ሁሉ ገብቶኛል። ልጄ አፏ ስላልተያዘ ደስ ብሎኛል፤ ስለዚያች ሴት ደግሞ አንጀቴ ተላወሰ። ወደ ቀኜ ዞር ብዬ፣

«ምስኪን» አልኩ።

የባለቤቴ እህት እጄን ያዘችኝ፤ መታ መታ አደረገችው። «አዎ፣ ምስኪን» አለች።

አርብ ዕለት ልጄ ፕሮጀክቱን ማለፏ ተነገረን። ለባልደረቦቼ ዶናት ገዝቼ ሥራ ገባሁ። ቅዳሜ ማለዳ የመኪና በር ሲዘጋ ሰማሁ፤ አንድ በር፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። ሳይንኳኳ ከፈትኩት። እሷ ከፊት ናት፣ የቤተ ክርስቲያናችን ፓስተር አለ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ዞር ስል ልጄ ከኋላዬ ቆማለች፤ ጥቁር ለብሳ ጨርሳለች። ማን ሞተ ብዬ አልጠየቅኩም።

«ያቺ ሴት እኔ ነኝ?» አልኳት።

«ይስ፣ ማሚ» አለች።

ልጄን አልከሳትም። ትንሽ ልጅ ነበረች፤ ተናገሪ ያላት የለም፣ ዝም በይ ያላት ግን አለ።

መደበቁን ምናልባት እተወው ነበር። የባሰው የመጣው በሦስተኛው ቀን ነው። ቤቱ በለቀስተኛ ሞልቶ ሳለ የባለቤቴ እህት ከጓዳው በር ላይ ሆና ስታወራ ሰማኋት። «ምስኪን አለችኝ እኮ፣ ለራሷ!» ትላለች። ሰዎቹ ከንፈራቸውን መጠጡ፤ ፈገግ ያለም ነበር። የመርዶ አያያዟ ማሳያ አደረገችው። በልጄ ምርቃት ላይ፣ እኔ ጥቁር ለብሼ ተቀምጬ፣ ደገመችው። በሰው ሠርግ ላይም አወራችው። አንድ ቀን ካፒቶል ሂል ምግብ ቤት ውስጥ የማላውቃት ሴት፣ የዚያችን የምስኪኗን ነገር ሰምተሻል ወይ ብላ ለእኔው አወራችልኝ። አልሰማሁም አልኳት፤ እስክትጨርስ ሰማኋት።

ፊት ለፊት ጠይቄያታለሁ። «ልጅሽ ትመረቅ ብዬ ነው። አመስግኚኝ እንጂ» አለችኝ። ልጄ ተመርቃለች፤ አልክድም። እኔ ግን እናቴ በሞተች ሰሞን ቢጫ ለብሼ አጨብጭቤያለሁ።

በሁለተኛው ዓመት እሷንና ባለቤቴን ያሳደገች አክስታቸው አገር ቤት ሞተች። ወሬው የመጣው ለባለቤቴ ነው። አርብ ዕለት እህቱ ቢሮዋ ውስጥ የምታቀርበው ትልቅ ነገር ስላላት፣ ይህን ትጨርስና ቅዳሜ ማለዳ እኛ ቤት ተሰብስበን ሬድመንድ ቤቷ እንሄዳለን አለ። ነጠላዬን እንዳዘጋጅ ነገረኝ። እሺ አልኩት።

ረቡዕ በምሳ እረፍቴ መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ኮል አደረግኩላት። ሥራ ላይ ነበረች። «ያሳደገችሽ አክስትሽ ሞታለች፤ ተቀብራለች» አልኳት። አንቱ አላልኳትም። ስልኩን ዘግቼ ተመለስኩና አንሶላ ማጠፌን ቀጠልኩ።