እንጦጦ ሲጠቁር

ልጅ ሳለሁ ቤታችን ከመርካቶ ጓሮ፣ አንዲት ትንሽ ወንዝ አፋፍ ላይ፣ ከድልድይ አጠገብ ነበር። ያኔ መብራት በጠፋ ምሽት ሁሉ የግቢው ልጆች ጋሼ ሸምሱ ቤት እንሰበሰባለን። ሸማ ተራ ጋቢ የሚሸጡ ጎረቤታችን ነበሩ። የከሰሉን ፍም እየሞቁ፣ በኩራዙ ብርሃን ጥላቸው ግድግዳው ላይ ገዝፎ፣ ሌላ ተረት እንደሌለ ሁሉ ስለዚያች ወንዝ ብቻ ያወሩልን ነበር።

«ራሷ እንጦጦ ነው፣ ባሕር ዛፉ ሥር። ሆዷ እኛ ጋ፣ እግሯ አቃቂ። ራሷ ላይ ሲዘንብ እዚህ ፀሐይ ይሆናል፤ እናንተ ሰማይ አይታችሁ ስትዘናጉ እሷ መንገድ ጀምራለች።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። «ከመድረሷ በፊት ስማችሁን ትጠራለች። እንዳትመልሱ! ወደ ላይ ሩጡ።»

እኔ ፈሪ ነበርኩ፤ ሌሊቱን ሙሉ ጆሮዬን ይዤ አድር ነበር። ታናሽ እህቴ ሃያት ግን ትስቅብኛለች።

አንድ የሰኔ ከሰዓት፣ አናት በሚበሳ ፀሐይ፣ የሃያት ኳስ ወንዟ ውስጥ ገባ። ውሃው ቁርጭምጭሚት እንኳ አይደርስም ነበርና ዘላ ወረደች። እኔ አፋፉ ላይ ቆሜ ሳለሁ ድንገት ባሕር ዛፍ ሸተተኝ፤ በሰፈራችን አንድም ባሕር ዛፍ የለም። ወዲያው ከድልድዩ ሥር ቀጭን የልጅ ድምፅ መጣ።

«አባባ... አባባ...»

ድልድዩ ሥር ማንም አልነበረም። ሃያት ቀና ብላ ልትመልስ አፏን ስትከፍት አየኋት። እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም፤ አፏን አፍኜ እየጎተትኩ አወጣኋት። አፋፉ ላይ ከመድረሳችን ድፍርስ ጎርፍ ግንድ እያላተመ ድልድዩን ሞልቶ አለፈ።

ማታ ለጋሼ ሸምሱ ስንነግራቸው ሳቁ። «እንዳትወርዱ ብዬ የፈጠርኩት ነው እኮ! ውሃ ስም ይጠራል እንዴ?»

«ስማችንንስ አልጠራም፣ ጋሼ» አለች ሃያት። «አባባ ነው ያለው።»

ሳቃቸው ተቋረጠ። «የሴት ልጅ ድምፅ ነው?»

አዎ ብለን ራሳችንን ነቀነቅን። ጋቢያቸውን ተከናንበው ወደ ግድግዳው ዞሩ። እኛ ሳንወለድ በፊት ወንዟ የበኩር ልጃቸውን እንደወሰደችባቸው እናቴ የነገረችን ያን ማታ ነው።

ተረቱን ዳግመኛ አልነገሩንም። እንጦጦ በጠቆረ ቁጥር ግን ድልድዩ ላይ ይቆሙ ነበር። አንድ ቀን ከኋላቸው ሳልፍ፣ እኛን እንዳትመልሱ ያሉት ሰውዬ ወደ ውሃው ጎንበስ ብለው «አቤት፣ የኔ ልጅ» ሲሉ ሰማኋቸው።

ዛሬ እሳቸው የሉም። እኔ አሁንም ድልድዩን ከመሻገሬ በፊት ወደ እንጦጦ አያለሁ፤ ጎርፉን እፈራለሁ። ከጎርፉ ይበልጥ የሚያስፈራኝ ግን፣ ያቺ ልጅ ብትጠራ አቤት የሚላት ሰው አለመኖሩ ነው።