ማማ አፖንዲ እና ትርፍ ምክንያት

በኪሱሙ ከተማ፣ ፖስታ ቤቱ አጠገብ፣ ከእኔ ፎቶ ቤት ጎን፣ ማማ አፖንዲ በእንግሊዝኛ ደብዳቤ ትጽፋለች። የመንግሥት ሠራተኛ ከሥራ ቀርቶ «ለምን እንደቀረህ አስረዳ» የሚል ወረቀት ሲደርሰው ወደ እሷ ይሮጣል። ዝናብ፣ ለቅሶና የጥርስ ሕመም ደርድሮ ሲመጣ «አንዱን ምረጥ» ትለዋለች። በአንድ ደብዳቤ አንድ «ምክንያቱም»፣ አንድ «በመሆኑም»፤ አለቀ። ምክንያት ሲበዛ ውሸት ይመስላል ባይ ናት።

ባለፈው ሰኞ ኦጎላ መጣ። እነዚያን ወረቀቶች አሥራ አንድ ዓመት ሲፈርም የኖረው የሠራተኞች ኃላፊ ራሱ ነው። ከስብሰባ ቀርቶ አሁን ወረቀቱ ለእሱም ደርሶታል።

«ሚኒባሱ ተበላሸ፣ አማቴ መጣችብኝ፣ ደግሞ እንቅልፍ ጣለኝ» አላት።

ሚኒባሱን ብቻ ጻፈችለት።

«ሦስቱም እኮ እውነት ናቸው፣ ማማ።»

«እውነት ነው ወይ ብዬ ጠየቅሁህ?»

ደብዳቤውን አነበበና ቀና ብሎ አያት። አጻጻፉን አወቀው።

«እኔ ደግሞ ሠራተኞቼ አንድ ምክንያት ብቻ ያላቸው ቅን ሰዎች ይመስሉኝ ነበር» አለ።

«ቅኖችማ ናቸው» አለች ወረቀቱን እያጠፈች። «ሁሉንም ይናገራሉ። የምሰርዘው እኔ ነኝ።»