አያቴ የደፈኑት ቦይ

ሰሞኑን ቡሬ ላይ ጣሊያን የሠራውን አሮጌ የጎርፍ ቦይ እያደሱ ነው። የጭቃው ሽታ በጠላት ጊዜ ወደነበረ አንድ ክረምት ወሰደኝ።

አያቴ ጎርፉ መንገዱን ቆርጦ የጠላትን መኪና እንዲያስቀር ብለው ቦዩን በሣርና በጭቃ ደፈኑት። ውሃው ግን እናቴ አራስ ሆና ወደተኛችበት ቤታችን ዞረ።

«አባባ፣ ውሃው መደቡ ሥር ገባ» አልኳቸው።

«መንገዱ ሊቆረጥ ትንሽ ቀረው፣ ልጄ።»

ከቤት ውስጥ ሕፃኑ አለቀሰ።

«ክርስትና ሳይነሳ ጎርፍ አያጥምቀው» አሉና የደፈኑትን በዶማ ከፈቱት።

በማግስቱ መኪኖቹ አለፉ። አያቴ ሕፃኑን በጋቢያቸው ሸፍነው፣ የመኪኖቹ ድምፅ እስኪርቅ ድረስ ጀርባቸውን ለመንገዱ ሰጡ።

ዛሬ የልጅ ልጆቼን ከቦዩ ዳር አርቄ፣ ውሃው በማን ደጅ እንደሚወጣ ሠራተኞቹን ጠየቅኳቸው። ገና እየለካን ነው አሉኝ።