የቱላን ዝናብ ያባረረችው አስቴር አይደለችም

ይህን ነገር ሙሉውን የሰማ ሰው የለም። አርባ ዓመት አብራኝ የኖረችው ባለቤቴ አልሰማችም። እሁድ እሁድ አጠገቤ ተቀምጠው የሚዘምሩት ሰዎችም አልሰሙም። አንተ አንባቢ የመጀመሪያው ነህ። እንድታዝንልኝ አልፈልግም፤ እኔ በራሴ ላይ የተቆጣሁትን ያህል ብትቆጣ ይበቃኛል።

እኔ ታፈሰ ነኝ። ሐዋሳ ገብተህ ኢንጂነር ታፈሰ ብትል የባጃጅ ነጂ ሁሉ ሱቄን ያሳይሃል። ይህን ስም ዩኒቨርሲቲ አልሰጠኝም። ከስድስተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም፤ የእንግሊዝኛ መጻሕፍትን ከመዝገበ ቃላት ጋር እየታገልኩ ራሴን በራሴ አስተማርኩ። እኔ ነክቼው ሳይናገር የቀረ ራዲዮ ካለ ባለቤቱ ይምጣና ይክሰሰኝ! አንድ ቀን በቀትር የከተማው የአጭር ሞገድ ራዲዮ ሁሉ ድንገት ዝም አለና ሰው ሱቄን ሞላው። እኔ አንዱንም አልከፈትኩም። ራዲዮናችሁ ደህና ነው፣ ችግሩ ፀሐይ ላይ ነው፣ ወደ ቤታችሁ ግቡ፣ ይመለሳል አልኳቸው። ከሰዓት በኋላ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ እኔ ስለ ሰማይ ከተናገርኩ የሚከራከረኝ ጠፋ።

ደግሞም አውቃለሁ። ከደመና እጅግ በላይ ፀሐይ አየሩን በኤሌክትሪክ የሞላችበት ሽፋን አለ፤ አዮኖስፌር ይሉታል። አጭር ሞገድ ሩቅ አገር የሚደርሰው እሱን እየነካ ሲመለስ ነው። ወደ ሰሜን ዋልታ የተጠጉ አገሮች ሜዳ ሙሉ አንቴና ተክለው ኃይለኛ የራዲዮ ሞገድ ወደዚያ ይልካሉ፤ ከሽፋኑ ጥቂቱን ያሞቁና የሚሆነውን ይለካሉ። መሣሪያውን ሲያጠፉት ሙቀቱም ብዙ ሳይቆይ ይጠፋል። ደመና ሃያ ኪሎ ሜትር እንኳ ሳይደርስ ያልቃል፤ እነሱ የሚያሞቁት ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ያለውን ነው። ከቱላ ዝናብ ጋር ምን አገናኘው? ምንም። ይህንን አውቅ ነበር። ያን ጊዜም አውቅ ነበር!

አስቴር የጓደኛዬ የዳንጊሶ ልጅ ናት። ዳንጊሶ ከሐዋሳ ወጣ ብላ ባለችው ቱላ ላይ በቆሎና እንሰት የሚያለማ ገበሬ ነው። ልጁ እዚሁ ሐዋሳ ፊዚክስ ተማረችና ከእነዚያ የሰሜን አገሮች በአንዱ ነፃ የትምህርት ዕድል አግኝታ ሄደች፤ ጥናቷም በእነዚያው አንቴናዎች ላይ ነበር። ለእረፍት ስትመጣ ልትጠይቀኝ ሱቄ ገባች። እኔ ለደንበኞቼ ያ ሽፋን እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ አንድ ወጥ ነው እያልኩ ሳስረዳ ደረሰች።

«አይ ጋሼ ታፈሰ፣ አንድ አይደለም እኮ» አለች በፈገግታ። «ቀን ቀን ተደራራቢ ነው፤ ሲመሽ የታችኛው ይጠፋል። ማታ ሩቅ ጣቢያ ጥርት ብሎ የሚሰማዎት ለዚህ ነው።»

አንዱ ባጃጅ ነጂ ጮክ ብሎ «ኢንጂነር፣ ደብተር ይግዙ እንጂ!» አለ። ሱቁ በሳቅ ተናጋ።

አስቴር አልሳቀችም። ትክክልም ነበረች። እኔ ግን ምን አደረግሁ? ቂም ያዝኩ። በልጄ ዕድሜ ባለች ሴት ልጅ ላይ፣ እኔ ሽማግሌው፣ ቂም ያዝኩ።

እሷ ወደ ትምህርቷ ከተመለሰች በኋላ የበልጉ ዝናብ ቀረ። ቱላ ላይ በቆሎው ጉልበት ሳይደርስ ደረቀ። አንድ ሰው ከስልኩ ላይ የአንቴናዎቹን ሥዕል አሳየና የዳንጊሶ ልጅ ሰማይ ከሚያሞቁት ጋር ናት የሚል ወሬ ተነዛ። ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር ተሰበሰቡ። በሲዳማ ሽማግሌዎች ዘንድ «አፊኒ?» ሳይባል ፍርድ አይሰጥም፤ ሰምታችኋል ወይ፣ የምታውቁት አለ ወይ እንደማለት ነው። የሚያውቅ ሰው እውነቱን ማውጣት አለበት። እኔን ከከተማ በሞተር አስመጥተው ከፊት አስቀመጡኝ።

«ኢንጂነር፣ ይህ ከእኛ እውቀት በላይ ነው» አሉ ከሁሉም የሚበልጡት የዕድሜ ባለጸጋ። «እርስዎ ያውቃሉ። አፊኒ?»

ዳንጊሶን አየሁት። ፊቱ በርቶ ነበር፤ ወዳጄ መጣልኝ ብሎ። በእኔ ጆሮ ውስጥ ግን ያ የሱቁ ሳቅ ነበር። አዎ፣ ሰማዩን ያሞቃሉ፣ ዝናቡንም የሚያባርረው እሱ ነው አልኩ። እኔ አልኩ። ማንም አላስገደደኝም።

ዳንጊሶ ልጁን ከውጭ እስኪመልስ ማንም ደጁን እንዳይረግጥ፣ በሥራም እንዳያግዘው ተፈረደበት። ዳንጊሶ ወገቡን እያመመው ማሳውን ብቻውን ቆፈረ። ምነው በረገመኝ! እሱ ግን ታፈሰ ካለ እውነት ነው ብሎ አመነኝ። ስልክ ደውሎ ልጁን የጠራት እኔን አምኖ ነው። አስቴርም አባቷ ሰው ሳይኖረው እንዳይሞት ትምህርቷን ከመሃል አቋርጣ መጣች።

በቀጣዩ በልግ ዘነበ። ዝናብ እንደ ልማዱ ዘነበ እንጂ ሌላ ምን አለው? እነሱ ግን ልጅቷ ስትመለስ ሰማዩ ቀዘቀዘ ብለው ማር ይዘውልኝ መጡ። ማሩን ተቀበልኩ። በላሁት።

ዛሬ አስቴር እዚሁ ሐዋሳ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ውስጥ ሞባይል ትጠግናለች። በቅርቡ ሱቄ መጣች። ውጭ ትማርበት የነበረው ዩኒቨርሲቲ እስከዚህ ወር መጨረሻ እንድትመለስ ጽፎላታል። አባቷ ደግሞ የሽማግሌዎቹ ቃል ሳይነሳ አልመርቅም ብሏል። እሷም አባቷ እንደገና እንዲገለል አድርጋ አትሄድም።

«ጋሼ፣ እርስዎ እውነቱን ያውቃሉ» አለችኝ። «እርስዎ ቢናገሩላቸው ይሰማሉ።»

የመሰከረባት ማን እንደሆነ አልነገሯትም፤ አባቷም እንዳትቀየመኝ ብሎ ደብቋታል! የገደልኳት እኔ፣ አድነኝ የምትለኝ እኔን!

ባለፈው ቅዳሜ ሄድኩ። ዛፉ ሥር ቆሜ ያን ጊዜ ተሳስቼ ነበር አልኩ።

«ኢንጂነር ደግ ሰው ናቸው» አሉ የዕድሜ ባለጸጋው እየሳቁ። «ለወዳጃቸው ልጅ አዝነው ነው። ለመሆኑ እርስዎ መቼ ተሳስተው ያውቃሉ?»

ዳንጊሶ ክንዴን ያዘኝ። «ተው ታፈሰ፣ ለእኔ ብለህ ስምህን አታበላሽ» አለኝ።

እኔስ? ደስ አለኝ! ፈገግ ብዬ ተቀመጥኩ። ከውሸቱ ይልቅ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ያ ፈገግታ ነው። ተሳሳትኩ ማለትም እኮ ስሜን የማዳኛ ዘዴ ነበር፤ አዋቂ ሰው ይሳሳታል፣ ምን አለበት? እውነቱን ግን ዋጥኩት።

ስለዚህ ይህን ወረቀት በሚቀጥለው ቅዳሜ ሌላ ሰው ያንብበው። የእኔ አንደበት ስሜን ማቆንጀት ለምዷል። እኔ እዚያው ቆሜ እሰማለሁ። ሽማግሌዎች ሆይ፣ አልተሳሳትኩም። እያወቅሁ ዋሸሁ። የዋሸሁት አንዲት ልጅ ከእኔ የበለጠ ስላወቀች ነው። እርጅና አላሳተኝም፣ ሰይጣንም አልገፋኝም፤ እኔ ነኝ። ደጄን አትርገጡ፣ ስሜንም በኢንጂነር አትጥሩ። ይቅርታም አልለምንም፤ ከእናንተ ለራሴ የምወስደው ነገር እንዲኖር አልፈልግም።

ዳንጊሶ፣ ወሩ ሊያልቅ ነው። ልጅህን መርቀህ ስደዳት።