እጅ የማያደክም ሣር ማጨጃ

«ለመሆኑ እዚያ ሄደሽ የምትሠሪው ምንድነው?» አሉኝ አባባ።

መርሳ አስፋልቱ ዳር ቆመን ሚኒባስ እንጠብቃለን። ጦርነቱ ወልድያ ደርሷል፤ ሰዉ ፍራሹን ተሸክሞ ወደ ደሴ ይጎርፋል። እኔ በመካኒካል ምሕንድስና ተመርቄ ገና መንፈቅ አልሞላኝም፤ ጀርመን አገር አንድ ፋብሪካ ቀጥሮኝ ቪዛዬ ወጥቷል። እንዴት ብዬ ልንገራቸው? ፋብሪካው ለባለ ግቢዎች በባትሪ የሚሠራ ሣር ማጨጃ ነው የሚያመርተው። የኔ ሥራ እጀታውን ማስመቸት ነው፣ ሲያጭዱ እጃቸውን እንዳያማቸው። በዚያ መሀል አንዲት አሮጊት በቃሬዛ ይዘው ሲያልፉ አየሁና «የሐኪም መሣሪያ» አልኩ።

«አልሐምዱሊላህ!» ብለው ዱዓ አደረጉልኝ። ከሄድኩ በኋላ ስልክ ተቋረጠ።

እዚህ ጀርመን ዳቧቸው ጥቁርና ጎምዛዛ ነው፤ እንደ እንጀራ ይሆናል ብዬ ስነክሰው ጡብ ነው። አከራዬ አሮጊት ናቸው፤ ፍራው ነው የሚባሉት፣ እመት እንደ ማለት። ክፍሉን ሳያሳዩኝ ሕጉን ነገሩኝ።

«እሑድ ሣር አይታጨድም። ሩሄ ነው፣ ጸጥታ። አገርሽ የለም?»

«የለም። አሁንማ በአዘቦቱም ጸጥታ የለም።»

«ታዲያ ለማዘጋጃ ቤት አታመለክቱም?»



ሥራ ላይ የመጀመሪያውን እጀታ በጉጉት ሠርቼ አቀረብኩ። አለቃዬ አገላብጦ አየው።

«ለምንድነው ያጠረው?»

«ቁጢጥ ሲሉ ልክ ይመጣል።»

«ማነው ቁጢጥ የሚለው?»

«የሚያጭድ ሰው ነዋ!»

አባባን ማጭድ ይዘው ቁጢጥ ብለው እያየሁ ነው ያደግሁት፤ ቆሞ የሚያጭድ ሰው አለ ብሎ ማን አሰበ? አምስት መሐንዲስ ሊሞክረው ሣሩ ላይ ቁጢጥ አለ። አንዱ መነሳት አቅቶት ጎትቼ አነሳሁት።

ከዚያ ወዲህ ቀኑን ሙሉ እጀታውን የሚሞክሩልንን ጡረተኞች «አውራ ጣትዎን ደከመዎት?» እያልኩ እጠይቃለሁ። በየዕረፍቱ አባባ ዘንድ እደውላለሁ። ዝግ ነው። እንደገና እደውላለሁ፣ ዝግ። በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ አላውቅም፤ ያወቅሁት የጡረተኛ አውራ ጣት ብቻ ነው።

ከወራት በኋላ አንድ ቀን በምሳ ሰዓት አነሱት።

«ልጄ! አለን፣ አልሐምዱሊላህ። በሬዎቹ ናቸው የሄዱት።»

አለቀስኩ። እሳቸው ግን ቸኩለዋል።

«ስሚ፣ ጤና ጣቢያችን ባዶውን ነው የቀረው፤ አንድ መሣሪያ የለም። እኔም ለሰዉ፣ ‹አይዟችሁ፣ ልጄ የሐኪም መሣሪያ ትሠራለች› አልኳቸው። ከግራና ከተማ ሁሉ ሰምተው መጥተዋል። ይኸው ከበውኛል፤ የስልኩንም ድምፅ ከፍ አድርጌላቸዋለሁ። መጀመሪያ የትኛውን ነው የምትልኪልን?»

ከወዲያ የብዙ ሰው ትንፋሽ ይሰማኛል። አንዷ ሴት «ለወላድ የሚሆነውን በሏት» ትላለች። አሁንም መዋሸት ይቻላል፤ ግን ቁጭ ብለው ሊጠብቁ ነው።

«አባባ፣ ዋሽቼዎታለሁ» አልኩ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብዬ። «የምሠራው ሣር ማጨጃ ነው። በባትሪ ነው የሚሄደው፣ እጅ አያደክምም። ሣሩንም አጭደው ይጥሉታል፤ ከብት የላቸውም።»