ጠላው እስኪደርስ

ይህ ታሪክ መጻፍ የሚገባው መሆኑን እጠራጠራለሁ። አንድ የሣር ቤት ተከደነ፤ ነገሩ ይኸው ነው። በየዓመቱ ስንት ቤት ይከደናል። ግን ለዩኒቨርሲቲ ትምህርት አዲስ አበባ ከመጣሁ ወዲህ፣ ዝናብ በዶርሙ ጣራ ላይ ሲወርድ ከጭድ ጋር የተቦካ ጭቃ የሚሸተኝ ይመስለኛል። ስለዚህ የማስታውሰውን ያህል ልጻፈው።

አምና ማትሪክ ተፈትነን ውጤት እየጠበቅን ነበር። በሚያዝያ ንፋስ የተነሣ እሳት ከደባርቅ በታች ያለ አንድ መንደር አቃጠለ። ዳባት ያለው ሰንበት ትምህርት ቤታችን ሰባት ልጆችና አንድ ቄስ ሆነን ሄደን የአቅመ ደካሞችን ቤት እንድንሠራ ወሰነ። በቤተ ክርስቲያን ስም ተሰብስቦ መንቀሳቀስ ጥያቄ ያስነሣ ስለነበር ቄሱ ከቀበሌ የሁለት ሳምንት ፈቃድ አወጡ። ወረቀቱ ላይ «የእርዳታ ሥራ» ተብሎ ተጻፈ።

ወንዶቹ ምሰሶ ተከሉ፣ ማገር አሰሩ። እኔና አንዲት ጓደኛዬ ውኃ ቀዳን፣ ጭቃ ረገጥን፣ ግድግዳ መረግን። ቄሱ «ጎበዝ» እንዲሉኝ ስለምፈልግ እግሬ እስኪሰነጣጠቅ እረግጥ ነበር።

አራት ቤት ጨርሰን ወደ መጨረሻው ደረስን። ባለቤቷ ባላቸው የሞተባቸው፣ ልጅ ያልቀረላቸው አሮጊት ነበሩ። ቤታቸው፣ ጎታቸውም ከነገብሱ ስለተቃጠለ ጎረቤት ቤት ተጠግተው ነበር። ግድግዳውን አቆምን፣ ምርጊቱንም ጨረስን። ለጣራው ከላይ ከደጋው የጓሳ ሣር በበቅሎ ተጭኖ መጣ። ፈቃዳችን ሊያበቃ አራት ቀን ቀርቶት ነበር፤ ከሰሜን ተራሮች በኩል ደመናው መውረድ ጀምሯል። ነገ እንከድናለን ስንል አሮጊቷ አይሆንም አሉ።

ምክንያቱን የነገሩት ለቄሱ ነው። ቤት በደቦ ሲከደን ባለቤቱ ጠላ ጠምቆ ሠራተኛውን ያጠጣል። እሳቸው ደግሞ የሚጠምቁበት እህል የላቸውም። እህሉ እስኪገኝ ይቆይ አሉ።

እኔ ጣልቃ ገባሁ። ዛሬም ሳስበው ፊቴ ይግላል።

«እማማ፣ እኛ እኮ ምንም አንፈልግም» አልኳቸው። «የመጣነው ለነፍሳችን ብለን ነው።»

ቀና ብለው አዩኝ። «ለነፍስሽ ከሆነ ደብሩ ያውልሽ፣ ሂጂና ስገጂ። ይህ ቤት ነው። ያላጠጣሁበትን ቤት የኔ ነው ብዬ እንዴት እገባለሁ? እንግዳ ልሁንበት?»

ከወንዶቹ አንዱ እስከ ማታ ድረስ «ነፍስሽን ሌላ ቤት ፈልጊላት» እያለ አሾፈብኝ።

በማግስቱ ይባስ ብዬ ከየቤቱ ጥቂት ጥቂት ገብስ ለምኜ በነጠላዬ ቋጥሬ ወሰድኩላቸው። ደስ የሚላቸው መስሎኝ ነበር። ቋጠሮውን ሳይፈቱ መለሱልኝ፤ ለየባለቤቱ እንድመልስም አዘዙኝ። እያንዳንዱ ደጃፍ ላይ ቆሜ መመለሱ ከመለመኑ ይከብድ ነበር።

ከዚያ በኋላ ዝም ብዬ መሥራት ያዝኩ። በሦስተኛው ቀን ከጓሮ የተረፈውን ጭድ ስሰበስብ አንዲት የመንደሩ ሴት መጣች። ለሰኔ ሚካኤል ማኅበር ልትጠምቅ ነው፤ ጌሾዋ ግን ተቃጥሎባታል። የአሮጊቷ ጌሾ ከጓሮ ርቆ ስለበቀለ እሳቱ አላገኘውም ነበር። አሮጊቷ ቅጠሉን በገዛ እጃቸው ቀጥፈው እቅፍ ሙሉ ሰጧት። በማግስቱ ጠዋት ሴትዮዋ ገብስና ብቅል ይዛ መጣች። አሮጊቷ እጃቸውን ዘርግተው ተቀበሉ።

ግራ ገባኝ። ከኔ ያልተቀበሉትን ከእሷ ለምን ተቀበሉ ብዬ ቄሱን ጠየቅኋቸው።

«ከእሷ ጋር ይሰጣሉ፣ ይቀበላሉ» አሉኝ። «ከአንቺ ጋር ግን መቀበል ብቻ ነበር የቀረላቸው፣ ልጄ።»

እህሉ ተገኘ፤ ጠላው ግን በአንድ ቀን አይደርስም። የፈቃዱ ቀን አለቀ። የግድግዳውን አናት በሣር ሸፍነን፣ ድንጋይ ጭነንበት ወደ ዳባት ተመለስን። ያን ሰሞን ዝናብ በዘነበ ቁጥር ግድግዳው ሲናድ ይታየኝ ነበር። ከተናደ አሮጊቷ ክረምቱን በሙሉ በሰው ቤት ማሳለፋቸው ነው፤ በኔ ችኮላ ያዘኑትም ሳይፋቅ ይቀራል። ከደባርቅ ገበያ የሚመለስ ሰው ባገኘሁ ቁጥር ወሬያቸውን እጠይቅ ነበር።

የሰኔ ሚካኤል ሊደርስ ሲል አንድ የመንደሩ ሰው መልእክታቸውን አመጣ። ጠላው ደርሷል፣ ልጆቹ ይምጡ ብለዋል። ቄሱ የሦስት ቀን ፈቃድ ለመኑ። አራታችን ብቻ ሄድን።

በምዕራብ በኩል ግድግዳው እስከ ወገቤ ድረስ ተንዶ ማገሩ ታየ፤ ሌላው ግን ቆሟል። በዓሉ ካለፈ በኋላ በማለዳ ተነሥተን፣ እኔ የተናደውን ስመርግ ወንዶቹ ከመንደሩ ሰዎች ጋር ጣራው ላይ ወጡ። ሣር እያቀበልን፣ እየተሰዳደብን፣ እየሳቅን ወደ ማታ ጨረስን።

አሮጊቷ ነጠላቸውን አስተካክለው በሩ ላይ ቆሙ። «ግቡ» አሉን። «ልጄ፣ ጎንበስ በይ፣ ጉበኑ ዝቅ ያለ ነው።» ያንን በር ዙሪያውን የመረግሁት እኔ ነበርኩ። እንደማያውቅ ሰው ጎንበስ ብዬ ገባሁ።

ቄሱ ባረኩ። አሮጊቷ በየተራ ቀዱልን። ጠላው ወፍራምና መራራ ነበር። ዋንጫዬን ጨርሼ ይበቃኛል ልል አፌ ላይ ደርሶ ተውኩት።

«ይጨምሩልኝ፣ እማማ» አልኩ።

እስከ አፉ ሞሉልኝ። ያን ሌሊት ከቃጠሎው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በቤታቸው አደሩ፤ እኛም እንግዶቻቸው ሆነን አደርን። ቀኑ ሰኞ፣ ሰኔ 13 ቀን 1980 ዓ.ም. ነበር።